ትልቅ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ስትመርጡ፦ አራት ካሊበሮች ተኩስ ሜዳ ላይ

አንድ ሰው አዲስ ትልቅ ሽጉጡን ይዞ ተኩስ ሜዳ ሲመጣ የሚሆነውን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንድ ጥይት ይተኩሳል። አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል። ንዝረቱ ደረቱ ድረስ ይሰማዋል። ዞር ብሎ ፈገግ ይላል፤ «ወይ ጉድ!» ይላል። ግምገማው እዚያው ያልቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሽጉጥ ከሳጥኑ አይወጣም። ወይ የጥይቱ ወጪ ከብዶታል፣ ወይ ባለቤቱ ሳይናገር ፈርቶታል።

እኔም በዚሁ መንገድ ተሳስቼ ገዝቼ አውቃለሁ። የመጀመሪያዋ ጥይት ትደነቃለች እንጂ አታስተምርም። የምታስተምረው ሁለተኛዋ ናት፤ የት አረፈች? ከዚያ ደግሞ ሃምሳኛዋ፤ እጃችሁ ሲደክም የት አረፈች? ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የተሠራው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

የማነጻጽራቸው አራት ካሊበሮች (የጥይት ዓይነትና ስፋት) ናቸው፦ .45 ኤሲፒ፣ 10 ሚሊሜትር አውቶ፣ .44 ማግነም እና .50 አክሽን ኤክስፕረስ። ሁሉም በከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ፣ ማለትም ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ በሚጎርስ፣ የሚተኮሱ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀውን 9 ሚሊሜትርን እንደ መነሻ መለኪያ አስቀምጠዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሽጉጥ መያዝም ሆነ መተኮስ በየአገሩ የራሱ ሕግና ፈቃድ አለው። መጀመሪያ እሱ ይጠናቀቅ፤ የካሊበር ምርጫ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

መለኪያዎቹ

ሽጉጡን ከማየታችሁ በፊት መለኪያችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብረት እጅ ላይ ሲያርፍ ሐሳብ ይለዋወጣል።

የመጀመሪያው መለኪያ ርግጫ ነው። ስለ ርግጫ ብዙ ይወራል፣ ጥቂት ይለካል። ቀላል ስሌት አለ። የአረሩን ክብደት በግራም ውሰዱ፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ባለው ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ) አባዙት፣ ለ1,000 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር አረሩ ሽጉጡን ወደ ኋላ የሚገፋበትን ልክ ያሳያል። የ9 ሚሊሜትር አረር 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ውጤቱ 2.8 ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ሌሎቹን ከእሱ ጋር እናስተያያለን።

ታዲያ ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የሽጉጡ ክብደት ግፊቱን ይውጣል። ከባድ ሽጉጥ ቀስ ብሎ ይገፋል፣ ቀላል ሽጉጥ ይቆነጥጣል። ከአፈሙዝ የሚወጣው የባሩድ ጋዝም የራሱን ግፊት ይጨምራል፤ ብዙ ባሩድ በሚበሉት ማግነሞች ላይ ይህ ድርሻ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው መለኪያ የእጅ ልክ ነው። ትልቅ ጥይት ረጅም ነው። ካዝናው እጀታ ውስጥ ስለሚገባ እጀታውም ከፊት ወደ ኋላ ይረዝማል። ሽጉጡን በትክክል ስትጨብጡ በርሜሉ ከክንዳችሁ አጥንት ጋር በአንድ መስመር መሆን አለበት። የጠቋሚ ጣታችሁ የመጀመሪያ አንጓ ሥጋም ምላጩ ላይ ማረፍ አለበት። ምላጩ ላይ ለመድረስ እጃችሁን ማዞር ካስፈለጋችሁ ያ ሽጉጥ የእናንተ አይደለም። ስሙ የፈለገ ቢገንን አይጠቅማችሁም።

ሦስተኛው አለመንከስ ነው። ሽጉጡ እናንተ በምታገኙት ጥይት፣ በእናንተ አያያዝ፣ ሳይነክስና ቀለህ ሳይቀረቅር መሥራት አለበት። አራተኛው የጥይት ወጪና አቅርቦት ነው። ሽጉጥ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ጥይት ግን ሁልጊዜ። አምስተኛው ሥራው ነው፤ ለምን ፈለጋችሁት? «ደስ ስለሚለኝ» የሚለውም መልስ ነው። ግን ለራሳችሁ በሐቅ ንገሩት፤ ምርጫውን ይለውጠዋል።

.45 ኤሲፒ

አሜሪካዊው የጦር መሣሪያ ነዳፊ ጆን ብራውኒንግ ይህን ጥይት የነደፈው በ1904 ገደማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1911 የአሜሪካ ጦር ከኤም 1911 ሽጉጥ ጋር ተቀበለው። ሽጉጡ በ1985 በ9 ሚሊሜትር ቤሬታ እስኪተካ ድረስ የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ቆይቷል።

የተለመደው አረር 230 ግሬን ነው፤ 14.9 ግራም መሆኑ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 255 ሜትር ገደማ ነው። ስሌታችን 3.8 ይሰጣል። ጉልበቱ 480 ጁል አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይገረማሉ፤ የ9 ሚሊሜትሩም ጉልበት ወደ 490 ጁል ነው። በጁል ከታየ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ .45 ከባድና ዘገምተኛ መሆኑ ላይ ነው።

ተኩስ ሜዳ ላይ ስሜቱ እንደ ግፊት ነው። አይቆነጥጥም። ምክንያቱም የሚሠራበት ከፍተኛ ጫና 21,000 ፒኤስአይ (የጫና መለኪያ) ብቻ ነው፤ 9 ሚሊሜትር 35,000 ይደርሳል። 1.1 ኪሎ ከሚመዝን የብረት 1911 ሲተኮስ አፈሙዙ ይነሳል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። አረሩ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚጓዝ ያ አየር የሚሰነጥቀው ጩኸት የለውም። ድምፁ ወፍራም ነው። ጆሮ መሸፈን ግን የግድ ነው።

ድክመቱ ካዝናው ነው። የመጀመሪያው 1911 የሚይዘው 7 ጥይት ነው። ግሎክ 21ን የመሰሉ ሁለት ረድፍ የሚይዙ አሉ፤ 13 ይጎርሳሉ። እነዚያ ግን እጀታቸው ወፍራም ነው። ትንሽ እጅ ላለው ሰው ቀጭኑ 1911 ከብዙ 9 ሚሊሜትሮች ይልቅ ይመቻል። ይህን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ አረጋግጡት።

ከአራቱ «የምቆጭበት ይሆን?» ብዬ የማልሰጋው ይህ ብቻ ነው።

10 ሚሊሜትር አውቶ

ይህኛው ላይ ቆም ማለት አለብን፤ ገዢ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

10 ሚሊሜትር በ1983 ከብሬን ቴን ሽጉጥ ጋር ወጣ። ጥይቱን ያመረተው የስዊድኑ ኖርማ ነው። ከሐሳቡ ጀርባ ታዋቂው የተኩስ አሠልጣኝ ጄፍ ኩፐር ነበር። ሽጉጡ ብዙም አልቆየም፤ ጥይቱ ግን ቀጠለ። በ1986 ማያሚ ላይ ከተካሄደው ከባድ የተኩስ ልውውጥ በኋላ የአሜሪካው ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ የተሻለ ጥይት ሲፈልግ 10 ሚሊሜትርን መረጠ። ኋላ ግን ሙሉ ኃይሉን አልወሰደም። ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ለስለስ ያለ ጥይት አሠራ። ያንኑ አቅም በአጭር ቀለህ ማስቀመጥ እንደሚቻል ሲታይ .40 ኤስ ኤንድ ደብልዩ በ1990 ተወለደ።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለወሬ አይደለም። ዛሬም «10 ሚሊሜትር» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው 180 ግሬን (11.7 ግራም) አረሩን በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ የሚወረውር ነው። ጉልበቱ 580 ጁል ነው። ሁለተኛው ያንኑ አረር በ380 ሜትር ይሰደዋል፤ ጉልበቱ 845 ጁል ይሆናል። በስሌታችን የመጀመሪያው 3.7 ነው፣ ማለትም ከ.45 ትንሽ ያነሰ። ሁለተኛው 4.4 ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ ለስላሳውን ሞክሮ «10 ሚሊሜትር ቀላል ነው» ብሎ የሚገዛ ሰው ገና ሙሉውን አልቀመሰም። ስለዚህ ሳጥኑን አንብቡ፤ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል።

ሙሉው 10 ሚሊሜትር ይቆነጥጣል። የሚፈቀደው ጫና 37,500 ፒኤስአይ ነው። ስላይዱ (ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት) በፍጥነት ይሄዳል፣ በፍጥነት ይመለሳል። እንደ ግሎክ 20 ባለ ፕላስቲክ ሽጉጥ ላይ፣ ባዶ ክብደቱ ከ800 ግራም ብዙም በማይርቅ፣ አያያዙ ላላ ካለ ቀለሁ መውጫው ላይ ይቀረቀራል። የእጅ አንጓ ካልጸና ስላይዱ ሙሉ መንገዱን አይጨርስም፤ ሽጉጡ ይነክሳል። ይህ ሲሆን ሰው ሽጉጡን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአያያዙ ነው። እኔ ላይ የደረሰው ከሦስተኛው ካዝና በኋላ ነበር፤ እጄ ሲደክም።

በምላሹ የምታገኙት ብዙ ነው። 15 ጥይት የሚይዝ ካዝና፣ ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ የሚያዝ ክብደት፣ ከ.45 እጥፍ ሊጠጋ ትንሽ የቀረው ጉልበት። ትልልቅ አውሬ ባለበት ጫካ የሚሠሩና የሚጓዙ ሰዎች ይህን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ከአራቱ ተግባራዊው ኃይለኛ ይህ ይመስለኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። .40 ኤስ ኤንድ ደብልዩ በ10 ሚሊሜትር ሽጉጥ አይተኮስም። ዲያሜትራቸው አንድ ነው፣ ቀለሁ ግን ያጥራል። ሊጎርስ ይችል ይሆናል፤ ቦታው ላይ ግን በትክክል አይቀመጥም። ለተኩስ የያዛችሁትን ሳጥን ደግማችሁ እዩ።

.44 ማግነም በከፊል አውቶማቲክ

.44 ማግነም በ1955 የወጣው ለሪቮልቨር፣ ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ ለሚይዝ ሽጉጥ፣ ነው። ቀለሁ ከታች ጠርዝ አለው፤ ለካዝና አይመችም። ኃይሉም ለተለመደው ብራውኒንግ ሥርዓት፣ በርሜሉ እያዘነበለ ለሚቆለፈው ማለቴ ነው፣ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ይህን ጥይት የሚተኩሰው ዴዘርት ኢግል ሽጉጥ የተለየ መንገድ የሄደው። በርሜሉ ቋሚ ነው። ከበርሜሉ ውስጥ ጋዝ ተቀንሶ በታች ባለ ቱቦ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ስላይዱን ወደ ኋላ ይልካል። ቦልቱ (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ክፍል) እንደ ጠመንጃ ተሽከርክሮ ይቆለፋል። እውነቱን ለመናገር አሠራሩ ሽጉጥ የለበሰ ጠመንጃ ነው።

240 ግሬን (15.6 ግራም) አረር በሰከንድ 420 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጉልበቱ 1,375 ጁል፣ ስሌታችን 6.5። ቁጥሩ ያስፈራል። ግን ሽጉጡ 2 ኪሎ አካባቢ ነው። የጋዙ ሥርዓትም ግፊቱን ያረዝመዋል። ለእኔ እጅ ከቀላል ሽጉጥ ከሚተኮሰው ሙሉ 10 ሚሊሜትር ይልቅ የዋህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ረጅምና ከባድ ግፊት ነው፤ ቁንጥጫ የለውም።

የሚያደክመው ክብደቱ ነው። 2 ኪሎ ብረት ክንድ ዘርግቶ መያዝ ቀላል አይምሰላችሁ። ሁለት ካዝና ላይ ትከሻ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ማነጣጠሪያው ይዋልላል። ደክማችሁ የሳታችሁትን በርግጫ አትመካኙ።

ይህ ሽጉጥ አያያዝ ላይ ጠያቂ ነው። ካዝናው እጀታው ውስጥ ትንሽ ላላ ብሎ እንዲቀመጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ደጋፊ እጃችሁን ከካዝናው ሥር አድርጋችሁ ወደ ላይ ከገፋችሁ ይነክሳል። ብዙ ሰው በልማድ እንዲህ ይይዛል። እጃችሁ እጀታውን ከጎንና ከፊት ይጨብጥ፤ የካዝናው ታች ነፃ ይሁን። ጥይቱም መዳብ የለበሰ ይሁን። ራቁት እርሳስ የጋዝ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከሪቮልቨር የተረፈውን .44 ስፔሻልም አትሞክሩ፤ ስላይዱን ወደ ኋላ የሚገፋ አቅም የለውም።

ካዝናው 8 ይይዛል።

.50 አክሽን ኤክስፕረስ

በ1988 የመጣ ነው። አረሩ 12.7 ሚሊሜትር ስፋት አለው። 300 ግሬን (19.4 ግራም) አረር በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ። ጉልበቱ 1,960 ጁል። ስሌቱ 8.7፤ ከ9 ሚሊሜትር ሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ካዝናው 7 ይይዛል።

ከ.44 ጋር የሚጋራው ብልህ ነገር አለ። የቀለሁ ታች ጠርዝ ሆን ተብሎ ጠብቦ ከ.44 ማግነም ጋር እንዲስተካከል ተደርጓል። በዚህ ምክንያት በማርክ 19 ዴዘርት ኢግል ላይ በርሜልና ካዝና ብቻ በመቀየር ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ይቻላል። ቦልቱ ያው ነው። ሁለቱንም የሚመኝ ሰው ሁለት ሽጉጥ መግዛት አያስፈልገውም።

ተኩስ ሜዳ ላይ እንዴት ነው? እሳቱ ያስደነግጣል። ጎን ያለው ሰው ፊቱ ላይ ንፋስ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ቀድሞ መንገር ጨዋነት ነው። አፈሙዙ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ብሎ ይነሳል። ማነጣጠሪያውን ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ ረጅም ነው። ከአንድ ካዝና በኋላ ብዙ ሰው «ይብቃኝ» ይላል። እኔም ከሦስት ካዝና አላለፍኩም፤ የመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች ዒላማው ታች ላይ ነበሩ። ከተኩሱ በፊት ሳላውቀው አፈሙዙን ወደ ታች እገፋ ነበር።

የጥይቱ ወጪ ከ.45 ብዙ እጥፍ ነው። ልምምድ የሚባል ነገር ይጠፋል። በዚህ ሽጉጥ ጎበዝ ተኳሽ የሆነ ሰው ጉብዝናውን የተማረው በሌላ ነው።

በአንድ ዓይን

| ካሊበር | አረር (ግራም) | ፍጥነት (ሜ/ሰ) | ጉልበት (ጁል) | የግፊት ስሌት | ካዝና | የጥይት ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| 9 ሚሜ (መነሻ) | 8.0 | 350 | 490 | 2.8 | እንደ ሽጉጡ | ዝቅተኛ | ለመማር |
| .45 ኤሲፒ | 14.9 | 255 | 480 | 3.8 | 7–13 | መካከለኛ | ዒላማ፣ ዘወትር ልምምድ |
| 10 ሚሜ ለስላሳ | 11.7 | 315 | 580 | 3.7 | 15 | መካከለኛ | መለማመጃ |
| 10 ሚሜ ሙሉ | 11.7 | 380 | 845 | 4.4 | 15 | ከፍ ያለ | ጫካ፣ ረጅም ጉዞ |
| .44 ማግነም | 15.6 | 420 | 1,375 | 6.5 | 8 | ከፍተኛ | አደን፣ ልምድ ያለው ተኳሽ |
| .50 ኤኢ | 19.4 | 450 | 1,960 | 8.7 | 7 | እጅግ ከፍተኛ | ለደስታ፣ አልፎ አልፎ |

ቁጥሮቹ ለተለመዱ ጥይቶች ናቸው። በርሜል ሲያጥር ወይም አምራች ሲለወጥ ከፍና ዝቅ ይላሉ።

ማን የቱን ይውሰድ?

9 ሚሊሜትር ገና በቅጡ ያልተኮሰ ሰው ከአራቱ አንዱንም አሁን አይግዛ። ትልቅ ካሊበር መጥፎ ልማድን አያርምም፤ ያከብደዋል። መጀመሪያ በ9 ሚሊሜትር ቢያንስ አንድ ሺህ ጥይት በአሠልጣኝ ሥር ይተኩስ።

በጀቱ የተወሰነ ሆኖ ብዙ መተኮስ የሚፈልግ .45ን ይውሰድ። አጠቃላይ ወጪውን ሲያሰላ የሽጉጡን ዋጋ ብቻ አይደምር። የአንድ ዓመት ጥይት፣ ሁለት ተጨማሪ ካዝናና መለዋወጫ የስላይድ ሞላ ይጨምርበት። ሞላ ሲደክም ስላይዱ ብረት ከብረት መማታት ይጀምራል፤ በ10 ሚሊሜትር ላይ ይህ በተለይ ቶሎ ይታያል።

አንድ ሽጉጥ ብቻ ይዞ ለዒላማም ለጫካም እንዲሆነው የሚፈልግ፣ እጁም ሰፊ የሆነ፣ 10 ሚሊሜትር ይሻለዋል። በለስላሳው ይለማመድ። ለጫካ በሚይዘው ሙሉ ጥይት ደግሞ በየጊዜው አንድ ሳጥን ይተኩስ። በለስላሳው ብቻ ተለማምዶ ሙሉውን ወገብ ላይ የሚታጠቅ ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

የሽጉጥ አደን በተፈቀደበት ቦታ ለአደን የሚፈልግ .44ን ያስብ። ግን ሪቮልቨሩንም ያወዳድር፤ ቀለል ይላል፣ ጥይትም አይመርጥም። ዴዘርት ኢግልን የምመክረው ማነጣጠሪያ መነፅር መግጠምና ከድጋፍ ላይ መተኮስ ለሚፈልግ ነው።

.50ውን የምትመኙ ከሆነ ተከራዩት። ተኩስ ሜዳው የሚያከራይ ከሆነ አንድ ሳጥን ተኩሳችሁ እርካታችሁን ውሰዱ። ከሳምንት በኋላም ሐሳባችሁ ያው ከሆነ ያን ጊዜ ግዙ። ቤት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ተኩስ ሜዳዎች ማግነም ጥይት አያስገቡም፤ ከመግዛታችሁ በፊት እናንተ የምትሄዱበት እንደሚፈቅድ ጠይቁ።

ስትሞክሩ እንዲህ ሞክሩ

50 ጥይት መድቡ። ዒላማውን 10 ሜትር ላይ ስቀሉ። የመጀመሪያዎቹን 10 ቀስ ብላችሁ ተኩሱ፤ ሽጉጡን መላመጃ ናቸው፣ አትቁጠሯቸው። ቀጥሎ 20 ጥይት ጥንድ ጥንድ አድርጉ። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ምን ያህል ራቀች? ጓደኛችሁ ከኋላ ሆኖ በስልክ ይቅረጻችሁ። ማነጣጠሪያው ስንት ጊዜ ፈጅቶ እንደተመለሰ ቪዲዮው ላይ ይታያል።

ከዚያ ጓደኛችሁ በካዝናው ውስጥ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት እናንተ ሳታዩ ይደባልቅ። ምላጩን ስትስቡ ቃ ብሎ ዝም ሲል አፈሙዙ ወደ ታች ከወረደ ፈርታችኋል ማለት ነው። ይህ ሙከራ አያዳላም። በአንድ ካሊበር ከሦስት ሙከራ ሁለቴ አፈሙዙ ከወረደባችሁ ወደ ታችኛው ካሊበር ውረዱ።

የመጨረሻዎቹን ጥይቶች እጃችሁ ከደከመ በኋላ ተኩሱ። የነከሰባችሁን ሁሉ መዝግቡ፦ በስንተኛው ጥይት፣ በየትኛው ካዝና፣ በየትኛው የጥይት ዓይነት።

ጆሮ ላይ ሁለት መከላከያ አድርጉ፤ ውስጥ የጆሮ መድፈኛ፣ ላዩ ላይ ጆሮ ሸፋኝ። የሽጉጥ ተኩስ 140 ዴሲቤልን ያልፋል፤ ይህ በአንዴ ጆሮ ሊጎዳ የሚችል ልክ ነው። የዓይን መነፅር አትርሱ፤ የጋለ ቀለህ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ .44 ወይም .50 ለጀማሪ ስታቀምሱ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አድርጉ። አፈሙዙ ወደ ላይ ሲዘል ሰው ደንግጦ ጭብጡን ያጠብቃል። ጣቱ ምላጩ ላይ ስላለ ሁለተኛ ጥይት ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ራሱ አቅጣጫ ሊተኩስ ይችላል። አንዷን ተኩሶ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ ስላይዱ ወደ ኋላ ሲቆም እጁን አዩት። ካልተንቀጠቀጠ ሁለት ጨምሩለት።